የእርሻ ሠራተኛን ያለ ጠብና ያለ ጕዳት ስለ ማሰናበት

ሰውን ለሥራ መቅጠር ለሁሉ ቀላል ነው፤ ማሰናበት ግን ብልኀትንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነገር ነው። ቅጥሩ በደስታና በምርቃት ይፈጸማል፤ ስንብቱ ግን የሰውን እንጀራ ስለሚያቋርጥ ልብን ያሻክራል፤ ሳይጠነቀቁ የፈጸሙትም እንደ ሆነ ጠብን ይወልዳል። ስለዚህ በእርሻቸው ሰው የሚያሠሩ ሁሉ፥ እንዲሁም የአሠሪና የሠራተኛ ክርክር የሚቀርብላቸው የየወረዳው ሹማምንት የአሰነባበትን ሥርዓት ጠንቅቀው ሊያውቁ ይገባል።

በከተማ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰናበተ ሰው ወጥቶ ከሄደ ወዲያ ምናልባት ዳግመኛ አይታይም። በእርሻ አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የተሰናበተው ዘበኛ ወይም ጐተራ ጠባቂ መኖሪያው ከእርሻው አጠገብ ነው፤ ገበያው አንድ፥ ወንዙ አንድ፥ የለቅሶና የሠርግ ቦታው አንድ ነው። ቍልፍ የሚቀመጥበትን፥ የውሾቹን ጠባይ፥ የውሃውን ቦይ፥ ሌሊትም ማን በየት እንደሚያድር ያውቃል። በታኅሣሥና በጥር የተከመረ የጤፍ ወይም የስንዴ ክምር በአንዲት ክብሪት አመድ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሁሉ የሚብሰው የሰው ሕይወት ነው፤ በቍጣ የፈሰሰ ደም በገዳይና በሟች ብቻ ሳይቆም ወደ ወንድምና ወደ ልጅ እየተሻገረ ብዙ ቤት ያጠፋል።

ይሁን እንጂ ቍጣውን በመፍራት ብቻ ሥራውን የማይሠራውን ሰው ማቆየት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ደኅናው ሠራተኛ ይህን አይቶ ይሰንፋል፥ ንብረትም ይባክናል። እንግዲህ የሚፈለገው ስንብትን መተው ሳይሆን በደንብ መፈጸም ነው። ሰው የሚቈጣው በመሰናበቱ ብቻ አይደለምና፤ ይልቁንም የሚቈጣው በተሰናበተበት አኳኋን ነው።

የቍጣው ሥር

የተሰናበተን ሰው ወደ ክፉ ሥራ የሚገፉት ነገሮች ብዙ ጊዜ ሦስት ናቸው። አንደኛው ውርደት ነው፤ በባልንጀሮቹ ወይም በልጆቹ ፊት የተሰደበ ሰው ከደመወዙ ይልቅ ስሙን ያስባል። ሁለተኛው የተያዘበት ገንዘብ ነው፤ የሠራበትን ሳይቀበል የወጣ ሰው ተዘረፍሁ ይላል፥ ያለ ምክንያትም አይደለም። ሦስተኛው ድንገተኛነት ነው፤ ትናንት ተመስግኖ ዛሬ ውጣ የተባለ ሰው ከጀርባው ነገር የተሠራበት ይመስለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ አሠሪው በሰባት ቀን የሚረሳውን ነገር ተሰናባቹ ለሰባት ዓመት ይይዘዋል።

በእርሻ ላይ ደግሞ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም መጠለያ ነው። ብዙ የእርሻ ሠራተኛ ከነሚስቱና ከነልጆቹ በእርሻው ግቢ በተሰጠው ቤት ይኖራል፤ ከጓሮውም ጐመንና በቆሎ ተክሏል። እንዲህ ያለው ሰው ሲሰናበት ሥራውንና ቤቱን በአንድ ቀን ያጣል። ይህን ያላሰበ አሠሪ የቍጣውን ትልቅነት አይቶ ይደነቃል፤ ነገር ግን የሚያስደንቅ አይደለም።

አስቀድሞ ስለ መመርመር

ከሁሉ በፊት ስንብቱ እውነተኛ ምክንያት ያለው መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። ያለ በደሉ የተባረረን ሰው ቍጣ በብልኀት ማብረድ አይቻልም፤ ቍጣው እውነት አለውና።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በየጐተራው የሚታይ ነገር አለ። ከመቶው 18 እጅ እርጥበት ያለበት 100 ኩንታል በቆሎ ወደ ጐተራ ገባ እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ እህሉ ደርቆ እርጥበቱ ወደ 12 እጅ ሲወርድ፥ አንዲት ፍሬ ሳትሰረቅ ሚዛኑ 93 ኩንታል ያህል ብቻ ይሆናል። ወደ 7 ኩንታል የሚጠጋው ውሃ ሆኖ በነፋስ ሄዷል። ነቀዝና አይጥ የበሉት ደግሞ ከዚህ በላይ ይቀነሳል። ይህን የማያውቅ ባለ እርሻ ጐተራ ጠባቂውን ሌባ ብሎ ያባርረዋል፤ ንጹሑም ሰው በስሙ ላይ የወደቀውን ነውር ሳያነሣ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ እህል ሲገባም ሲወጣም በሁለት ምስክር ፊት መመዘን፥ እርጥበቱንም መለካት፥ ሚዛኑም ትክክል መሆኑን አስቀድሞ መፈተን ይገባል።

የስንፍና ወይም ከሥራ የመቅረት ነገር በሆነ ጊዜም ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑም ይጻፍበት። ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ እርሱ የሚያምነው ሰው ያንብብለት። በጽሑፍ ሁለት ጊዜ የተገሠጸ ሰው ስንብቱ ሲነገረው ያዝን ይሆናል እንጂ ድንገተኛ አይሆንበትም።

ሕጉ የሚያዘው

ተቀጥሮ በደመወዝ የሚሠራ ሰው ጉዳይ የሚዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ስንብት ሁለት ዐይነት ነው፤ አንዱ በማስጠንቀቂያ፥ ሁለተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚፈጸም ነው።

ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት አዋጁ ምክንያቶቹን ለይቶ ዘርዝሯል። ከእነዚህም አንዱ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ጊዜ ውስጥ በጠቅላላው ለ5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ነው። አሠሪውም ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል፤ የድሮ ጥፋት እያከማቹ አንድ ቀን በቍጣ ማውጣት በሕግም አይረዳም።

በማስጠንቀቂያ ሲሆን የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና አገልግሎቱ ከ1 ዓመት ያልበለጠ ሠራተኛ የ1 ወር፥ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ያገለገለ የ2 ወር፥ ከ9 ዓመት በላይ ያገለገለ የ3 ወር ጊዜ ይሰጠዋል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱና ስንብቱ የሚጸናበት ቀን ይገለጽበታል፤ ለሠራተኛውም በእጁ ይሰጠዋል። ሠራተኛው ባይገኝ ወይም አልቀበልም ቢል በሥራ ቦታው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀን ይለጠፋል። ስለዚህ እንቢ ያለውን ሰው በግድ ለማስፈረም መታገል አያስፈልግም።

አሠሪው የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ማሰናበት እንደሚችልም አዋጁ ይፈቅዳል። ይህ ለእርሻ ትልቅ ጥቅም አለው። የጐተራ ቍልፍ ወይም ጠመንጃ የያዘን ሰው ልታሰናበት ነው ብሎ ሁለት ወር በዚያው ሥራ ላይ ማቆየት ለእርሱም ፈተና፥ ለአሠሪውም ሥጋት ነው። የሁለቱን ወር ደመወዝ አስረክቦ በሰላም መሸኘት ከሁለት ወር ፍርሃት ይረክሳል።

ለሠራተኛው የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈል አዋጁ ያዛል፤ ያለ ምክንያት ላዘገየም አሠሪ እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ በተጨማሪ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰባል። ሕጉ በወሰናቸው ምክንያቶች ለተሰናበተ ሠራተኛም የስንብት ክፍያ አለ፤ ይኸውም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ፥ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይጨመርበታል፤ ነገር ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለምሳሌ የቀን ደመወዙ 100 ብር የሆነና 4 ዓመት ያገለገለ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 3000 ብር፥ ለሦስቱ ዓመታት በየዓመቱ 1000 ብር፥ በድምሩ 6000 ብር ይገባዋል ማለት ነው።

ሕጉ እስከ 7 ቀን ቢፈቅድም፥ የሚሻለው ገንዘቡን በዚያው በስንብቱ ዕለት ቈጥሮ ማስረከብ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጥ ኦሪት ማዘዙ የታወቀ ነው። ነገ ና የተባለ ሰው በማግሥቱ የሚመጣው ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል አድሮ ነው፤ አንዳንዱም ከመጠጥ ቤት ይመጣል። ገንዘቡን ይዞ የሄደ ግን ወደ እርሻው የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

ስለ ጠመንጃና ስለ ቍልፍ

በብዙ እርሻ ዘበኛው የእርሻውን ጠመንጃ ይዞ ያድራል። ጠመንጃ በእጁ ላለ ሰው የስንብት ቃል መንገር ከዕብደት ይቈጠራል፤ በንግግር መካከል ጠመንጃውን መንጠቅም እንዲሁ ነው። መፍትሔው አስቀድሞ በሚሠራ ደንብ ነው። የእርሻው ጠመንጃ ሁሉ በየማለዳው ተቈጥሮ ወደ ዕቃ ቤት ይግባ፤ ማታም በፊርማ ይውጣ። ይህ ደንብ ለሁሉም ዘበኞች በእኵል ከጸና፥ በስንብቱ ቀን የአንዱ ሰው መሣሪያ ተለይቶ አይወሰድም፤ ማንም ሳይጠረጥር እጁ ባዶ ይሆናል። የጐተራና የመጋዘን ቍልፍም እንደዚሁ በየዕለቱ በርክክብ ይሁን።

ጠመንጃው የራሱ የሠራተኛው የሆነ እንደ ሆነ ግን አሠሪው ሊቀማው አይችልም፤ የጦር መሣሪያ ፈቃድና ቍጥጥር በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 ለመንግሥት አካል የተሰጠ ነው። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው፥ ባለቤቱም ጭምር፥ መሣሪያ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይገባ የጸና ደንብ ማድረግ ይበቃል። ደንቡ ባለቤቱን ካላሰረ ሠራተኛውን አያስርም።

ስለ ቀኑ፥ ስለ ቦታውና ስለ ቃሉ

ቀኑ ከሳምንቱ መጀመሪያ ቢሆን፥ ሰዓቱም ማለዳ ቢሆን መልካም ነው። ማለዳ የተነገረው ሰው ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ የሚያማክርበት፥ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚጠይቅበት፥ ዕቃውን የሚሰበስብበት ጊዜ ያገኛል። በመሸ ጊዜ፥ በገበያ ቀን፥ በበዓል ዋዜማ፥ ሐዘን ባገኘው ሳምንት አይነገረው። ደግሞም አጨዳውንና ውቂያውን አሠርቶ አውድማው በተጠረገ በማግሥቱ ማሰናበት ጉልበትን ጨርሶ እንደ መጣል ስለሚቈጠር እጅግ ያስቈጣል።

ቦታው የተከለለ ይሁን፤ ሌላው ሠራተኛ የሚያይበት፥ ሚስቱና ልጆቹ የሚሰሙበት አይሁን። በክፍሉ ውስጥ ማጭድ፥ መጥረቢያ፥ ቢላዋ አይገኝ። በሩ ክፍት ሆኖ ማንም ሳይከለክለው ሊወጣ የሚችል ይሁን፤ አሠሪውም በበር አቅራቢያ ይቀመጥ እንጂ ከጥግ አይሁን። ሁለት ምስክሮች ይገኙ፤ አንዱ ሠራተኛው የሚያከብረው ሽማግሌ ቢሆን ይመረጣል። ከእርሱ ጋር የተጣላ ሰው፥ ይልቁንም በእርሱ ቦታ የሚተካው ሰው፥ በዚያ አይታይ።

ቃሉ አጭርና የተከበረ ይሁን። በዕድሜ የገፋውን ሰው፥ ደመወዙ ምንም ያህል ቢያንስ፥ አንተ ማለት አይገባም። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ «አቶ እገሌ፥ ስድስት ዓመት አብረውን ሠርተዋል፤ ስለ ደከሙበት እናመሰግናለን። በደብዳቤው በተጻፈው ምክንያት ሥራዎ ከዛሬ ጀምሮ አብቅቷል። የማስጠንቀቂያው የሁለት ወር ደመወዝና የዕረፍትዎ ገንዘብ ይኸው፤ ይቍጠሩት። ቤቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ይቀመጡበት፤ ዕቃዎንም የእርሻው መኪና ያደርስልዎታል። ተበድያለሁ የሚሉም ከሆነ ሕግ ፊት የማቅረብ መብትዎ የተጠበቀ ነው።» ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። የቈየ ጥፋት መዘርዘር፥ ቀድሞ ያደረጉለትን ውለታ መቍጠር፥ ወይም ይታይልሃል እያሉ የማይሆን ተስፋ መስጠት ነገሩን ያበላሻል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ ሌባና ሰነፍ የሚሉ ቃላት ከወጡ በኋላ መመለሻ የላቸውም።

ቍጣ የተነሣ እንደ ሆነ

ሰውየው ድምፁን ከፍ ያደረገ እንደ ሆነ ይናገር፤ ያልተቋረጠ ቍጣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይደክማል። አሠሪው ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ጣቱን አይቀስር፥ አይንካው፥ መንገዱንም አይዝጋበት። ክርክር ቢያነሣ «በደብዳቤው ተጽፏል፤ ቅሬታዎን ሰምቻለሁ» ብሎ መመለስ ይበቃል። ነገሩ የከረረ እንደ ሆነ ንግግሩን አቋርጦ መውጣት ፍርሃት አይደለም። ገንዘቡንና ደብዳቤውን ሽማግሌው በኋላ ሊያደርስለት ይችላል። ሌሎች ዘበኞችን ጠርቶ ማስጐተት ግን ቍጣን ወደ ቂም መለወጥ ነው።

ዛቻ የተናገረ እንደ ሆነ፥ ለምሳሌ አቃጥላለሁ ወይም እገድላለሁ ያለ እንደ ሆነ፥ ቃሉን እንደ ቀልድ ማለፍ አይገባም። የተናገረው ቃል፥ ቀኑና የሰሙት ምስክሮች ወዲያውኑ ይጻፉ፤ ለፖሊስም ይመልከት። በዚያው ቀን የመቈለፊያዎቹ ቍልፍ ይለወጥ። በክምሩ ዙሪያ ያለው ሣርና ገለባ ተጠርጎ አፈሩ ይገለጥ፤ ውሃ የተሞላ በርሜል በአቅራቢያው ይቀመጥ፤ ክምሩም በአንድ ቦታ ከመሆን በሁለትና በሦስት ተራርቆ ይከመር። ይህ ጥንቃቄ ሰው ባይዝትም እንኳ በበጋ ወራት ለማንኛውም እሳት ይጠቅማል። አሠሪው ግን በዛቻው ፈንታ ዛቻ አይመልስ፤ ሰው ልኮም አያስፈራራ፤ ያን ጊዜ ሕግ ከእርሱ ጋር መሆኑ ይቀራል።

ከስንብቱ በኋላ

አዋጁ ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዐይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ይህን ወረቀት መከልከል ሰውየው ሌላ እንጀራ እንዳያገኝ መዝጋት ነው፤ ሌላ ሥራ ያገኘ ሰው ደግሞ የድሮውን አሠሪ ለማሰብ ጊዜ የለውም። በጓሮው የተከለው ከሆነ ደርሶ እስኪሰበስበው ይፈቀድለት፤ አለዚያም በሽማግሌ ተገምቶ ዋጋው ይከፈለው። ስሙንም በገበያና በማኅበር ማንሣት አይገባም፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና። ሰረቀ የሚባል ከሆነ ነገሩ የዳኛ ነው፤ ማስረጃ ያለው ይክሰስ፥ የሌለው ዝም ይበል።

የሹማምንት ድርሻ

በየወረዳው ያሉ ሹማምንት በዚህ ነገር ሦስት ነገር ይጠበቅባቸዋል። አንደኛ፥ የተሰናበተው ሰው አቤት ሲል ፈጥነው ይስሙት፤ ወደ ሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ወይም ፍርድ ቤትም ይምሩት። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክሱን በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይቀርበታልና፥ ዛሬ ነገ እየተባለ የተመላለሰ ሰው ጊዜው ያልፍበታል። ፍርድ ያጣ ሰው ፍርድን በገዛ እጁ ሊፈልግ እንደሚችል አይዘንጋ።

ሁለተኛ፥ ሹሙ ለባለ እርሻ ወዳጅነት ሲል የመንግሥትን ታጣቂ ለስንብት አይስጥ። በታጣቂ ተከቦ የተባረረ ሰው ቂሙ ከአሠሪው አልፎ ወደ መንግሥት ይሄዳል። እውነተኛ የሥጋት ምልክት ካለ ፖሊስ በአቅራቢያ እንዲቈይ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በሥርዓትና ሳይታይ ይሁን።

ሦስተኛ፥ በዛቻ የተከሰሰው ሰው ቢያዝ እንኳ በሕግ ይያዝ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቈጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አሠሪውን ደስ ለማሰኘት ሰውን በእስር ማቆየት ጠብን አያበርድም፤ የሚፈታበትን ቀን ብቻ ያስፈራል።

ጠቅላላ ነገሩ ይህ ነው። ምክንያቱን መርምሮ፥ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፥ መሣሪያና ቍልፍ በደንብ እንዲረከብ አድርጎ፥ ገንዘቡን ቈጥሮ፥ በተከለለ ቦታ በተከበረ ቃል ያሰናበተ ባለ እርሻ ሠራተኛውን አጥቶ ጎረቤቱን ያተርፋል። ይህን ሁሉ ያላደረገ ግን በማግሥቱ አንድ ዘበኛ ቢቀንስ፥ ሌሊቱን እንዳይተኛ የሚያደርገው አንድ ጠላት በጎረቤቱ ይጨምራል።